ጣት ሲነሳ የሚጮኸው ደወል

«እትዬ፣ ዛሬስ አየሩ ቀለል አለ አይደል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት?» አለች በያጇ፣ ከዕቃ ክፍሏ ሴትዮ የብየዳ ሽቦ ጥቅል እየተቀበለች።

ጥያቄው ለእትዬ ነው፤ ድምፁ ግን ከስሱ ግድግዳ ማዶ ኮምፒውተሩ ላይ ላቀረቀረው መሐንዲስ ጭምር የተለካ ነበር። ፋብሪካቸው የሚሠራው፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ የሚንጠለጠለው የነርስ መጥሪያ አንዴ ሲጮኽ አንዴ ዝም ሲል ሦስት ሳምንት ሞላው። ብየዳው ላልቶ ነው ተብሎ ነገ ከሥራዋ የሚያነሳት ደብዳቤ ሊፈረም ነው። እሷ ደግሞ የነገሩን ምንጭ ዛሬ ጠዋት በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች።

«እኔማ አሥራ አንድ ጊዜ ነቅዬ በየድኩት። እጁ ሽቦ የማይነካ መሐንዲስ ምን ያጠፋል ብለው ነው... ንጹሕ ነው። ሥራው ዲቫይስ ትሪ የሚሉትን ፋይል መጻፍ ነው፤ ቁልፉ ከፕሮሰሰሩ እግሮች፣ ከፒኖቹ፣ የትኛው ላይ እንደገባ፣ ፕሮሰሰሩም መቼ መንቃት እንዳለበት የሚነገርበትን። የኛ ቁልፍ ሲጫኑት ቮልቴጁ ይወርዳል። ፋይሉ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቮልቴጁ ሲወጣ ንቃ። በሽተኛው ሲጫን ዝም... ጣቱን ሲያነሳ ነርሷ ትጠራለች። አሳቢነቱን አዩልኝ? ሕመም ጠንቶበት ቁልፉን ጨብጦ የቀረውን ሰው ማን ይረብሸዋል?

ቁጥብነቱስ ቢሆን? የዓምናውን የጋራዥ በር ፋይል እንዳለ ገልብጦ... የቁልፉን ስም እንኳ አልነካውም። በሽተኛችን እዚያ ውስጥ እስካሁን ‹ጋራዥ በር› ነው የሚባለው። ምን ያድርግ፣ ጊዜ የለውማ። በየስብሰባው የሰው ብየዳ ማስረዳት አለበት። ያውም እንዴት ባለ ለስላሳ አንደበት... ሲናገር ስሰማ እኔ ራሴ እጄን ጠረጠርኩት።»

ከግድግዳው ማዶ የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። በያጇ የሽቦው መረከቢያ ላይ ፈረመች። ፋይሉን ደብዳቤውን ለሚፈርመው አለቃ ለማሳየት የቀራት ይህ ከሰዓት ብቻ ነው፤ ማዶ ያለው ሰውዬ ቀድሞ ካስተካከለው ደግሞ ጥፋቱ የእጇ ሆኖ ይቀራል። ለዚህም ነው የፋይሉን ገጽ አትማ ከጋዋኗ ኪስ የከተተችው።

«ቂምስ አልይዝም እትዬ። እንዲያው ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ወልዶ ለመሳም ያብቃው። ሸምግሎ አልጋ ላይ የዋለ ቀን ደግሞ... ከራስጌው የሚንጠለጠለው መጥሪያ የሌላ ሰው ሥራ አይሁንበት፤ እሱ ራሱ በእጁ የጻፈው ይሁንለት። አሜን ይበሉ እንጂ።»