ቁልፍ መጫን ብቻ

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት እናትና ከጅዳ የተመለሰች ወጣት ያወራሉ።

«ልጄ ከሪያድ ማይክሮዌቭ ላከችልኝ። ዓሣውን በብረት ሳህን ባስገባው እሳት ተፋብኝ! ሸይጧን መስሎኝ ቢስሚላህ ብዬ ሮጥኩ።»

«ብረት አይገባበትም እናቴ። ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ሲኒም አይሆንም። ለሱ የሚሆን የብርጭቆ ሳህን አለ፤ ሲያወጡትም በጨርቅ ይያዙት።»

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። በገባሁ ሰሞን እንዲህ ያለ ሲኒ አስገብቼ ብልጭ ሲል ማዳሜ ደረሰች።»

«ተቆጣችሽ?»

ወጣቷ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ድረስ ጎተተች።

«የኔዋ ልጅማ ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ ነው ትለኛለች፤ አልሐምዱሊላህ።»

«እኔም ለእናቴ እንደዚያ ነበር የምላት።»

ስልኬን አወጣሁና ኩዌት ባለችው እህቴ ስም ላይ እንዳፈጠጥኩ ውጫሌ ደረስን።