ሞራውን ወደ ብርሃን ያነሡት መምህር

በዚህ ድንኳን የተሰበሰባችሁ ወገኖች፣ የመምህር ሚልክያስ ዳልጮን የሕይወት ታሪክ ታናሽ እህታቸው ጣፈጠች ዳልጮ አነብላችኋለሁ። ኮሚቴው አሳጥሮ የሰጠኝ ጽሑፍ ነበር፤ በእርሱ መሠረት መምህሩ ተወልደው፣ አስተምረው ሞቱ እንጂ በመካከሉ ምንም አልደረሰባቸውም። እኔ የደረሰባቸውንም ጨምሬ ጽፌዋለሁ፤ ምክንያቱም መምህሩ ያረፉት ከጌታ እራት እንደታገዱ ነው፤ እገዳውም አስከሬናቸው እዚህ ተኝቶ እያለ እንኳ አልተነሣም።

መምህር ሚልክያስ ከአባታቸው ከአቶ ዳልጮ አንጁሎና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቦሼ ዋዳ በገሱባ አካባቢ በ1960 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እናታቸው ቆጮ እንዲብላላ ከጓሮ የቀበሩትን እየገለጡ፣ እሳት ሳይነድበት ለምን እንደሚሞቅ ካልተነገረኝ አንላቀቅም በማለት ቤተሰቡን ያስቸግሩ እንደነበር የሚያውቋቸው ይመሰክራሉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በገሱባ ተምረው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው፣ በመጀመሪያ በሃላሌ፣ በኋላም እዚህ ሻንቶ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖሩ። ከወይዘሮ ሣራ ጋር በጋብቻ ተሳስረውም ሰላምአብንና ኤደንን አፈሩ።

በእርሳቸው ክፍል ከሰሌዳ ገልብጦ መውጣት አልነበረም፤ ተማሪው በእጁ ነክቶ፣ በዓይኑ አይቶ ካልሆነ ተማርኩ አይልም። ትምህርት ቤቱ የሰውነት ክፍሎች ሞዴልና የቤተ ሙከራ ዕቃ መጥቶለት ነበር፤ ዳሩ ግን ቢሰበር ማን ይጠየቃል እየተባለ ከነካርቶኑ በመጋዘን ተቆልፎበት አቧራ ለብሶ ቀረ። መምህሩ ቁልፉን የያዙትን ሰው ደጋግመው ለምነው ባጡ ጊዜ፣ በገበያ ቀን ከሥጋ ቤት የበግ ሳንባ ከነጉሮሮው እያመጡ፣ ልጆቹ በእስክሪብቶ ቀፎ እየነፉ ሳንባው ሲያብጥና ሲሟሽሽ እንዲያዩ ያደርጉ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ የደም ሥር እንዴት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ለማሳየት የበግ ሞራ አምጥተው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡና ልጆቹን «ምን ይታያችኋል?» ብለው ጠየቁ።

እዚህ አገር ሞራ ወደ ብርሃን አንሥቶ እንዲህ የሚል ማን እንደነበረ ለእናንተ አልነግርም። አያቶቻችን በሬ አርደው ዕጣቸውን ያስነበቡት እርሱን ነው፤ እኛም ጌታን ስንቀበል የካድነው እርሱን ነው። እሑድ ሳይደርስ፣ ሚልክያስ ሕፃናት ሰብስቦ ሞራ ያነባል የሚል ወሬ ሻንቶን ሞላ። በመስኮት ያየ ሰው አለ ተባለ፤ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተነገረም። እኔ ቦታውን ሄጄ አይቻለሁ። መስኮቱ ፊት ለፊት የመጋዘኑ በር እንጂ የሰው መተላለፊያ የለም፤ ቁልፍ ያልያዘ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? ስም አልጠራም፤ ግለሰቡ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው።

የአጥቢያችን ሽማግሌዎች በጠሯቸው ጊዜ መምህሩ የማስተምረው ይህን ነው ብለው ሊያሳዩ ሳንባና ሞራ በፌስታል ይዘው ቀረቡ። ማንንም ሳያማክሩ ነበርና ፌስታሉን ገና ሲፈቱ ግማሾቹ ወንበራቸውን ይዘው አፈገፈጉ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሽማግሌ ዘሩባቤል በጉባኤ ፊት ቆመው ንስሐ ቢገቡ ነገሩ እንደሚያልቅ አግባቧቸው። መምህሩም «ያልሠራሁትን ከተናዘዝኩ፣ ልጆቹን ያስተማርኳችሁ ጥንቆላ ነው ማለቴ አይደለም ወይ?» ብለው እምቢ አሉ። በዚያው እሑድ እገዳቸው በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ከዚያ ወዲያ በመጨረሻው አግዳሚ እየተቀመጡ ጽዋው ሲዞር አንገታቸውን ደፍተው ያሳልፉት ነበር። ሰኞ ግን ሳንባውን ማምጣት አልተዉም፤ መስኮቱን ዝጋ ሲሏቸውም፣ ከዘጋሁትማ የምደብቀው አለ ማለት ነው እያሉ ክፍት አድርገው አስተማሩ።

ባለፈው ዓመት ሳል ጀምሯቸው ሶዶ ሆስፒታል ተኙ። ሳንባ ሲነፉ ኖረው በሳንባ ተያዙ ያላችሁ አላችሁ፤ ወሬው እኛም ቤት ደርሷል። ሽማግሌ ዘሩባቤል ሊጠይቋቸው በመጡበት ዕለት ሐኪሙ የደረታቸውን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ፣ አብረውት የቆሙትን ተለማማጆች ምን እንደሚታያቸው ይጠይቅ ነበር። ሽማግሌው ራጁንና ሐኪሙን ሲያዩ ቆይተው ወደ አልጋው ጠጋ አሉና፣ «መምህር፣ እሑድ በጉባኤ ፊት አነሣዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ሣራ በጆሯቸው ሰምተዋል። እሑድ መጣ፤ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ላማክር ተባለ። የሚቀጥለው እሑድ መጣ፤ እንግዳ ሰባኪ አለ ተባለ። ሌላውን እሑድ መምህሩ አላዩትም፤ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ትናንት ደግሞ፣ ከቀብር በኋላ ረጋ ብለን እንነጋገርበታለን የሚል መልእክት ደረሰን። ረጋ ብሎ መነጋገርን እኔ አላምነውም። ሰው ከተቀበረ በኋላ ማን ይጠይቃል፣ ማንስ ይመልሳል?

መምህር ሚልክያስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሣራን፣ ልጆቻቸውን ሰላምአብንና ኤደንን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ቦሼን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም በእጃቸው ነክተው የተማሩ ብዙ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል። ለፍጥረት ሁሉ እስትንፋስን የሰጠ አምላክ ነፍሳቸውን በማዕዱ ዙሪያ ያስቀምጥልን፤ እርሱ ያገዳቸው አይመስለኝም።

በመርሐ ግብሩ የመዝጊያው ጸሎት የሽማግሌ ዘሩባቤል ነው። ከጸሎቱ በፊት ግን፣ በሰው ሁሉ ፊት የተነገረው እገዳ በሰው ሁሉ ፊት እንዲነሣ ቤተሰቡ ይጠይቃል። ልጆች፣ ሣጥኑን ለማንሣት አትቸኩሉ። ሽማግሌ፣ ድምፅ ማጉያው ይኸው።