ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቀን

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ ባለቤቱ እትዬ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቶች፣ የጋራዡ ባልደረቦቼ፣ ከሩቅም ከቅርብም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ደህና የዋለ እንደሌለ አውቃለሁ። ግን ሰላምታ ሳይሰጥ ወሬ የሚጀምር ሰው ያናድደው ነበርና፣ እሱ እንደሚወደው ልጀምር።

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው የሠራሁ መካኒክ ነኝ። ጋሼ ነው የምለው። አንቱ ስለው "መኪና ሥር አብረን ተጋድመን የምን አንቱ ነው!" ብሎ ይቆጣኝ ስለነበር፣ ዛሬም አንተ እያልኩ ነው የምሸኘው። አትቀየሙኝ።

ንግግሬ አጭር ነው። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ። መሃል ላይ አትተውኝ።

ጋሼ የፍሬን ሰው ነበር። ሌላው መካኒክ ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ፣ እሱ ስለ መቆም ያወራል። "መሄድማ ቁልቁለት ላይ የተለቀቀ ጎማም ይሄዳል፤ እስቲ የሚቆም አሳዩኝ" ይል ነበር። ሥራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች የገዛ መኪናቸውን ይዘው ወደ እሽቅድድም ሜዳው ይመጣሉ፤ እኛ እናዘጋጅላቸዋለን፤ እነሱ ይዞራሉ። ከተማ ውስጥ ፍሬን ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ ያርፋል። ሜዳው ላይ እረፍት የለም። ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክ እስኪቀላ ይግላል። ዲስኩን ጨምቆ የሚያቆመው ሸራ ይሸታል። ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ነጂው ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም።

ስንቱን ለመነ! "እግርህን ፍሬኑ ላይ አታሳድረው። ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ቶሎ ልቀቅ።" ስንቱን ተቆጣ! "ከመውጣትህ በፊት አንድ ዙር ፍሬን ሳትነካ ቀስ ብለህ ዙር። ይቀዝቅዝ!" ይቀዝቅዝ፣ ይቀዝቅዝ፣ ይቀዝቅዝ። መጨረሻ ላይ ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። ሜዳው ላይ አባቱ ባወጣለት ስም ብትጠይቁ የሚያውቀው አልነበረም፤ "ይቀዝቅዝ የታል?" ካላችሁ ግን ዘበኛውም ያሳያችኋል።

ደንበኛችን የጥርስ ሐኪሙ እዚህ አለ። ዶክተር፣ ልንገርብህ ነው። አንድ ቅዳሜ ዶክተር እንደ እብድ ዞሮ ዞሮ ቀጥ ብሎ ገባና፣ መኪናውን አቁሞ የእጅ ፍሬን ጎተተ። ከኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ጋሼ ዳቦውን ጥሎ ሮጠ። "ልቀቀው! ልቀቀው! የጋለ ሸራ ዲስኩ ላይ ይጣበቃል! ተመለስና ቀስ ብለህ ዙር!" ዶክተርም ደም ፍላቱ ተነሳ። "መኪናው የኔ አይደለም እንዴ?" አለው። ጋሼ ምን አለው መሰላችሁ? "ጥርሱማ የኔ ነው፤ አንተ ዘንድ ስመጣ ግን አፌን ከፍቼ ዝም እላለሁ።" ሰው ሁሉ ሳቀ። ዶክተርም ስቆ ተመልሶ ዞረ።

ደግሞ እትዬ ያን ሰሞን ምንጣፍ የሚጠርጉበት ማሽን ቱቦው ጠፋባቸው። ቤቱን ገለባበጡት። ጎረቤት ተጠረጠረ። በሳምንቱ ጋራዥ ብቅ ቢሉ ቱቦው ለሁለት ተቆርጦ፣ ከአንዱ መኪና ግንባር ወደ ፊት ዲስኮቹ ንፋስ ያስገባል። "ምን ላድርግ፣ ልኩ ሆኖ ተገኘ" አላቸው። እትዬ፣ ያኔ ሲሳደቡ እኔ መኪና ሥር ተኝቼ እስቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ነው የሞተብን።

ታዲያ ይህን ሰው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ምን ገደለው? ሦስት ቀን ሙሉ የማይወራ የለም። "አጉል ጉብዝና ነው" ተባለ። "በዚህ ዕድሜው ከወጣት ጋር ልፎካከር ብሎ" ተባለ። "ሲመክር ኖሮ ራሱ ሳተ" ተባለ። ትናንት ቤት ስሄድ እትዬ ከተቀመጡበት ቀና ብለው ጠየቁኝ። "አንተ እዚያው ነበርክ። እውነት ፈጥኖ ነበር?" አሉኝ። እኔ ምን መለስኩ? አቀረቀርኩ። ዝም አልኩ። ልጆቹም ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት።

ዛሬ እመልሳለሁ።

የጋራዡን ደንብ ታውቃላችሁ። የፍሬን ዘይት ጠርሙስ የከፈተ ሰው ክዳኑ ላይ ቀን ይጽፋል። ለምን? የፍሬን ዘይት አንዴ ከተከፈተ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ይኖራል። ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። ሜዳ ላይ ፍሬኑ ሲግል ግን ያ እርጥበት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፤ እግር እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ስለዚህ ጋሼ የቆየ ዘይት ለሜዳ አይነካም።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዳር የዶክተርን መኪና የፍሬን ዘይት የምቀይረው እኔ ነበርኩ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጠርሙስ ነበር። አንዱን እኔው ያን ጠዋት ከፍቼዋለሁ። ሌላው እንደ ፍሬን ለማይግለው፣ ለጋራዡ አሮጌ ፒክአፕ ፍሪሲዮን የምንጨምረው፣ ከተከፈተ ዓመት ያለፈው ነው። ሦስቱን ጎማ በአዲሱ ጨረስኩ። የመጨረሻው የፊት ግራ ላይ፣ መኪናው ውስጥ የቀዳሁት ስላነሰ ልጨምር አልኩ። እጄን ወደ ጠረጴዛው ሰደድኩ። ክዳኑን አየሁ፤ የዚያን ዕለት ቀን ይላል።

ክዳኖቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። ቀደም ብሎ ስልክ ሲጠራ፣ በአንድ እጄ ላነሳ፣ በሌላው ሁለቱንም ጠርሙሶች ቶሎ ልከድን ስል። ይህ ስህተት ነው፤ ማንም ይሳሳታል ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ አልጨረስኩም።

ስቀዳው ቀለሙን አየሁት። አዲስ ዘይት እንደ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ሻይ መስሏል። አየሁት። እጄም ቆም አለ። በድምፅ ማጉያው ተራችን ተጠራ። "ክዳኑ የዛሬ ነው" አልኩ ለራሴ፤ ቀዳሁት።

ጋሼ መጣ። ሠርቶ የሚያስረክበውን መኪና ባለቤቱ ከመንካቱ በፊት ሦስት ዙር እሱ ይነዳዋል፤ ይህን አሥራ ስምንት ዓመት ሳየው አንድ ቀን አላጓደለም። ሄልሜቱን እያጠለቀ ጠየቀኝ። "ዘይቱ አዲስ ነው?" "አዎ ጋሼ።" "ቀኑስ?" ክዳኑን አሳየሁት። ጠርሙሱን አይደለም። ክዳኑን ብቻ። ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ገባ።

ዶክተር፣ አንተ አጥሩ ጋ ቆመህ ተራህን ትጠብቅ ነበር። ያቺ መኪና ያንተ ነበረች። ምን እንደቀዳሁባት ግን ዛሬ ነው የምትሰማው።

እትዬ፣ ጥያቄዎ ይኸው። አልፈጠነም። ሦስተኛው ዙር ላይ ረጅሙን ቀጥታ ጨርሶ ከመታጠፊያው በፊት ያለው ነጩ ሰሌዳ ጋ ሲደርስ፣ ሁልጊዜ በሚይዝባት ቦታ ያዘ። የኋላ መብራቱ ቀይ ሲበራ በዓይኔ አየሁ። መኪናው አልቆመም። መብራቱ ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ጠፋ፣ ደግሞ በራ። ሦስት ጊዜ ረገጠ። ማርሽ ሲቀንስ ሞተሩ ሲጮህ ሰማሁ። ሰው ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ነበር።

ልጆች፣ አባታችሁ አልሳተም። ለሌላው የመከረውን እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ራሱ አድርጎታል። ከእንግዲህ ጉብዝና ነው የገደለው የሚል ቢመጣባችሁ፣ ወደ እኔ ላኩት።

ዛሬ ጠዋት ጠርሙሱን ከነክዳኑ ለመርማሪው አስረክቤ፣ ቃሌን በፊርማዬ ሰጥቻለሁ። ምን እንደሚፈረድብኝ አላውቅም። እትዬ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ አልቀየምም። እናንተም ከዚህ ስትወጡ ሰላም ባትሉኝ፣ ይገባኛል።

ጋሼ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እዚያ ተኝተህ ምን ትለኛለህ? እሺ የምትለኝ፣ እምቢ የምትለኝ እዚህ ቆመህ ቢሆን ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ሂድ፤ ስምህን። ንጹህ ነው። ሦስት ቀን በዝምታዬ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱን አንተ ጋ አልቀብረውም፤ ይዤው ወደ ቤቴ እገባለሁ።

ደህና ሁን፣ ጋሼ።