ሀጂ ኸይረዲን ጀይሉና አሥራ አንደኛዋ አንቀጽ

ቢስሚላህ። ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በሐዘናችን ያልተለያችሁን ሁሉ አላህ ይስጥልን። የአጎታቸው ልጅ ሙሀመድኑር ነኝ፤ ዕንባዬ ካላሸነፈኝ የሕይወታቸውን ታሪክ አነብላችኋለሁ።

ሀጂ ኸይረዲን ከአባታቸው ከአቶ ጀይሉ በሽርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሀዲጃ አሊ በ1956 ዓ.ም. በጨፋ ሸለቆ ተወለዱ። ቁርዓን ቀርተው፣ ቀጥሎም ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው፣ ደሴ በመምህርነት ሠልጥነው በከሚሴና በአካባቢዋ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ ሲሆን፣ ከወይዘሮ ረቢአ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ኋላም ሕዝብ መርጧቸው የምክር ቤት አባል ሆኑ። የሳይበር ደህንነትን፣ ትምህርትንና የኢኮኖሚ ልማትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ በቀረበ ጊዜ፣ ሕዝቡን ላማክር ብለው ጨፋ ሮቢት ገበያ ወርደው በድምፅ ማጉያ «ስለ ደህንነት ልናወያያችሁ መጥተናል» ቢሉ፣ ወይ ጉድ! ገበያው በአንድ አፍታ ጭር አለ። ለካ ሰዉ የመሰለው የመንግሥት ደህንነት የመጣበት ኖሯል። ማሽላ ሻጯ ፋጡሜማ ጆንያዋን ጥላ፣ «ምን አጠፋን?» እያለች ባጃጅ ውስጥ ተደበቀች። ሀጂ እዚያው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን፣ በአንድ ቃል የሸሸ ሕዝብ አጭበርባሪ በስልክ ደውሎ የሚስጥር ቁጥሩን በለስላሳ አንደበት ሲጠይቀው እንዴት ያውቅበታል ብለው ተጨነቁ። በሳምንቱ ተመልሰው በኦሮምኛ «ነጌኛ»፣ ሰላምና ከጉዳት መጠበቅ ማለት ነው፣ ብለው ሲያስረዱ፣ ፋጡሜ ራሷ ከፊት ተቀምጣ ስለ ስልክ አጭበርባሪ ጠየቀቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ነው፣ ልጆች በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ከስልክና ከኢንተርኔት ሌባ መጠበቅን በትምህርት ቤት ይማሩ የምትለውን አሥራ አንደኛዋን አንቀጽ በረቂቁ ያስገቡት። አንዳንዶች «ይህ በመመሪያ ይታያል» ቢሏቸው፣ በመመሪያ ይታያል የተባለ ነገር መቼ ታይቶ ያውቃል ብለው አሻፈረኝ አሉ፤ ገበሬው ለፍቶ የሸጠበትን ሌባ ከወሰደው ምኑን ልማት ሆነ የሚል ነበር ክርክራቸው። ኩላሊታቸው ታሞ ሳለ እንኳ ከስብሰባ አልቀሩም። እኔም «አንቱ ሰው፣ እረፉ እንጂ» ብዬ ተቆጥቻቸው ነበር፤ መች ሰምተውኝ!

ሕመሙ ጸንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄደዋል። ባለቤታቸውን ረቢአን፣ ልጆቻቸውን ዓፊያን፣ ሙህዲንንና ሪሀናን፣ እንዲሁም አንዲት ያልጸደቀች አንቀጽ ትተውልናል። አላህ ቀብራቸውን ኑር፣ ማረፊያቸውን ጀነተል ፊርደውስ ያድርግላቸው።

እዚህ የተቀመጣችሁ የምክር ቤት ሰዎች፣ ሐዘናችሁን አይተናል፣ አላህ ይስጥልን። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ግን የሳቸው እጅ የለም። የናንተ አለ። አሚን በሉ።