«ገብቶኛል» አልኩት

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ። የተዋወቁት እዚያው መኪናው ውስጥ ነው።

«የምትወርጂበት ሞላሌ ከተማ ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም፣ አባባ። አዲስ አበባ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ለሠርጉ ጠርቶኝ ነው።»

«ምን ነበር ሥራችሁ?»

«የኮምፒውተር ጌም። ጦር እያዘመቱ፣ ከተማ እየገነቡ የሚጫወቱት፣ ሦስት ክፍል ያለው ከባድ ጌም ነው። እሱ በቴሌቪዥን፣ በእጅ በሚያዝ ጆይስቲክ እንዲሠራ አድርጎ ይቀይረዋል፤ እኔ እሞክርለታለሁ።»

«ታውቂበት ነበር?»

«አላውቅም። የተቀጠርኩትም ስለማላውቅ ነው። ‹አንቺ ከገባሽ ማንም ይገባዋል፤ ካልገባሽ ንገሪኝና አቀለዋለሁ› ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ያን ሁሉ የኮምፒውተር ትእዛዝ ጆይስቲኩ ላይ ባሉት ጥቂት ቁልፎች ሲያደርገው ጨርሶ ጠፋብኝ። ደደብ እንዳልባል ገብቶኛል አልኩት። ሦስቱንም ክፍል እንደዚያው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ጌሙ ገበያ ወጣ፤ የገዛው ሁሉ አልገባኝም አለ። እሱን አባረሩት።»

«ያንቺን ነገር ያውቃል?»

«አያውቅም። እንዲያውም ሲሰናበት ‹ጎበዝ ናት› ብሎ ሌላ መሥሪያ ቤት አስቀጠረኝ። እስካሁን እዚያው ነኝ።»

ሽማግሌው፣ «ዛሬ ልትነግሪው ነው?» አሏት።

«ከሠርጉ በኋላ ብዬ ነበር። ደስታውን እንዳላበላሽበት።»

«ድግሱን ከበላሽ በኋላማ አትነግሪውም፣ ልጄ።»

«እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው።»

ሞላሌ ደርሰን በአጠገቤ አልፋ ስትወርድ፣ ያልነገረችኝን ምስጢር ሰምቼባት ነበርና ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።