ነሐሴን ብቻ ይቆዩልኝ

(ደሴ፤ የነሐሴ ጠዋት። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊዋ ማስተዋል ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል፣ ልጆቿን የሚጠብቁላት አማቷ እትዬ ዘርፈሽዋል ጓዛቸውን ሸክፈው በሩ ላይ ደርሰዋል። ውጭ ዶፍ ይጥላል።)

ማስተዋል፦ እማማ፣ በፈጠረዎት ፌስታሉን ያስቀምጡት! በዚህ ዝናብ የት ሊሄዱ ነው?

ዘርፈሽዋል፦ አገሬ ነዋ። ጤፉን አረም በላው።

ማስተዋል፦ መሬቱን ለእኩል አራሽ ከሰጡት ስንት ዘመኑ! ዛሬ ነው የአረሙ ጭንቀት የመጣብዎት?

ዘርፈሽዋል፦ ቢሰጥስ? መሬቱ የማን ሆነና!

ማስተዋል፦ ትናንት በተናገርኩት ተቀይመው ነው። ጎረቤት ልጄን ማኅደርን ከጎርፍ አፍ አውጥቶ ሲያስታቅፈኝ ነፍሴን አላውቅም ነበር። «ተኝተው ነው ወይ?» ያልኩዎት እኔ አይደለሁም፣ ድንጋጤዬ ነው። ይኸው እግርዎ ላይ ልውደቅ።

ዘርፈሽዋል፦ ተነሽ! ተነሽ እንጂ! ምን አጠፋሽ? እናት አይደለሽ?

ማስተዋል፦ ታዲያ ይቆዩልኛ! ነሐሴን ብቻ። የከተማው ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም የሚሰፋለት በዚህ ወር ነው። አለቃዬ «ከቀረሽ ማሽንሽን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሏል። ልጅዎም ከመንገድ ሥራው ፈቃድ ተከልክሏል። እቤት ስገባ ጣሪያው ያፈሳል፣ የታጠበው ልብስ አይደርቅ፣ ትንሹ ጡቴን ይዞ አይለቅ። ቁጭ ብዬ ላልቅስ ብል እንኳ ጊዜ የለኝም!

ዘርፈሽዋል፦ ወይ ልጄ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ሠራተኛ ፈልጊያ።

ማስተዋል፦ ደላላው ራሱ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ሠራተኞቹ ሁሉ ለክረምቱ ቤተሰባቸው ጋ ገብተዋል።

ዘርፈሽዋል፦ እንግዲያው ቆልፈሽባቸው ሂጂ።

ማስተዋል፦ እሳት ቢነሳስ? ምን ዓይነት አያት ነዎት! የልጅ ልጆችዎ አይደሉም?

ዘርፈሽዋል፦ ስለሆኑ ነው የምሄደው!

ማስተዋል፦ ምን ማለትዎ ነው?

ዘርፈሽዋል፦ ትናንት አልተኛሁም፣ ማስተዋል። ደጃፉ ላይ ሆኜ እጠብቃት ነበር። የጎረቤት በግ መጥቶ ከቦዩ ዳር የቆመ መሰለኝ። «ሂድ ወዲያ!» እያልኩ ዘንጌን ወዘወዝኩበት። በጉ ማኅደር መሆኗን ያወቅኩት ሰው ሲጮህ ነው።

ማስተዋል፦ እመቤቴ ድረሽ! እማማ... ዓይንዎ?

ዘርፈሽዋል፦ ከፋሲካ ወዲህ ጭጋግ ነው። የቀኙማ ጨርሶ ጨልሟል።

ማስተዋል፦ እና እስከዛሬ ዝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እኮ!

ዘርፈሽዋል፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ከአውቶቡስ ስወርድ «መድኃኔዓለም ላከልኝ» ብለሽ አንገቴ ላይ አለቀስሽ። ሁለት ሕፃን ላይ ሦስተኛ ልሁንብሽ?

ማስተዋል፦ አገር ቤትስ ማን አለዎት? ማን ይመራዎታል?

ዘርፈሽዋል፦ ማንም። ገደል ብገባም ብቻዬን ነው የምገባው። ልጅሽን አቅፌ አልገባም። ልቀቂኝ በቃ!

ማስተዋል፦ አልለቅም። ማኅደር! ጫማሽን አድርጊ፤ እኔ ወንድምሽን አዝላለሁ። አያትሽን ዓይን ሐኪም ጋ ልንወስድ ነው።

ዘርፈሽዋል፦ አብደሻል? ሥራሽስ? ማሽንሽን ለሌላ ይሰጥብሻል!

ማስተዋል፦ ይስጠው። እርስዎ ብቻ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ደረጃው ያንሸራትታል።