የጠርሙሱን ጽሑፍ ያላመኑት መምህርት

በዚህ የሐዘን ሰዓት የተሰበሰባችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ተማሪዎቻቸው ሆይ፤ ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ሲበዛ ተጠራጣሪ ሰው ስለነበሩና ይህን ጽሑፍ ቢሰሙት ኖሮ "ማን አረጋገጠው?" ማለታቸው ስለማይቀር፣ ያልሆነውን ላለመጨመር ተጠንቅቀናል።

እኅታችን ለቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና ለልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታቸው "መርፌው አያምም" ብለው ለክትባት ወስደዋቸው ካመማቸው ወዲህ የሰው ቃል ብቻውን አልበቃቸው አለ፤ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት ገና በልጅነታቸው አፋቸው ላይ ስላደረጉት ሠፈርተኛው "መርማሪዋ" የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው።

ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሰውነትን አሠራር የሚያጠናውን ፊዚዮሎጂን የመረጡት፣ በቤተ ሙከራ በዓይን የሚታይ ትምህርት በመሆኑ ነበር። አንድ ቀን የእንቁራሪት ልብ ምቱን ከሚመዘግብ መሣሪያ ጋር በክር ታስሮ፣ ምቱን ያፈጥናል የተባለው፣ ለክፍሉ ሁሉ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳው አድሬናሊን ጠብ ሲደረግበት፣ የእርሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያለው ልብ እንደ ቀድሞው ዝግ ብሎ መምታቱን ቀጠለ። በየጠረጴዛው ግን "ፈጠነ፣ ፈጠነ" ይባል ነበር። መምህሩ ቀርበው "ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ የሌሎቹ እኮ ሠርቷል" ቢሏቸው፣ "የሌሎቹ መሥራቱንም፣ ጠርሙሱንም እጠራጠራለሁ" ብለው መለሱ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩም ተቆጥተው "ካላሳየሽኝ በዚህ ትምህርት አታልፊም" አሏቸው።

እኅታችን ከመጋዘን አዲስ ጠርሙስ አስመጥተው፣ ያንኑ ልብ በጨው ውኃ አጥበው ጠብ ቢያደርጉበት፣ ልቡ ሁሉም እያየ መፍጠን ጀመረ። የፊተኛው ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዝ ፈሳሹ አርጅቶ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ክፍሉ በሙሉ ሥራውን እንዲደግም ስለታዘዘ ግን ጓደኞቻቸው አኮረፏቸው፤ እርሳቸውም ምሳቸውን ለብቻቸው ይበሉ ጀመር። ከጎናቸው ካለው ጠረጴዛ አንድ ወጣት መጥቶ "እኔም ሲፈጥን አላየሁም፤ ፈርቼ ነው እንደ መጽሐፉ የጻፍኩት" ቢላቸው፣ "አሁንስ ፈርተህ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?" አሉት። ያ ወጣት በእኅታችን ጥርጣሬ ለዓመታት ሲፈተን ቆይቶ ባለቤታቸው ለመሆን በቃ፤ ሴት ልጅና ወንድ ልጅም አፈሩ።

እኅታችን በዚያው ቤተ ሙከራ ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አስተማሩ፤ ተማሪዎቻቸውንም "ካላያችሁ፣ አላየንም በሉ" ይሏቸው ነበር። ይህ ጠባያቸው ሰው አላስቀየመም አንልም፤ የጠፋ ማይክሮስኮፕ ወስዶታል ብለው የጠረጠሩት ባልደረባቸው ንጹሕ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ በሠራተኞች ፊት ቆመው ይቅርታ ጠይቀዋል።

ባለፈው ዓመት ታመው ሐኪሙ በሽታው እንደማይድን ለቤተሰቡ ሲነግር፣ ባልና ልጆች መክረው "ጨጓራ ነው" ሊሏቸው ተስማሙ። እርሳቸውም ሴት ልጃቸውን አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀምጠው፣ የእጇን አንጓ እንደ መዳበስ ይዘው፣ "ሐኪሙ ጨጓራ ብቻ ነው ያለው?" ብለው ጠየቋት።

"አዎ፣ እማዬ" አለች።

ጣታቸው ሥር የደም ሥሯ ሲጋልብ ተሰማቸው። እጇን ሳይለቁ "አንቺ ትዋሺያለሽ፣ ልብሽ ግን አልቻለበትም" አሏት። ማንንም አልተቆጡም፤ ባለቤታቸውን አስጠርተው "ከፈራችሁ አብረን እንፍራ፤ እኔን ለብቻዬ ስጠረጥር አታኑሩኝ" ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ የቀራቸውንም ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር እያወሩና እየሳቁ አሳልፈው፣ በባለቤታቸው እቅፍ ውስጥ ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው በሐዘን ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ጥርጣሬ የማይደርስበትን ዕረፍት ይስጣቸው፤ ለእኛም መጽናናትን ያድለን። አሜን።